ሚዛን ላይ ቆሜ ስውል እግዚአብሔር የት ነው ያለው?

ባለሚዛኑ | ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 4፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

የጅማ ልጅ ነኝ፣ ኮቺ ተወልጄ ኮቺ ያደግኩ። ሥራዬ ሚዛን ነው። በቡና ወቅት ማና በኩል አንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሠራለሁ። ገበሬው እሸት ለቅሞ ያመጣል፣ እኔ እመዝናለሁ፣ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ገንዘብ ያዡ ይከፍለዋል። ቀን ላይ ጭር ያለ ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ሰልፉ ይጀምራል፤ በአህያ ጭኖ የሚመጣ አለ፣ በባጃጅ የሚመጣ አለ፣ በጀርባው ተሸክሞ ልጆቹን አስከትሎ የሚመጣ አለ። እሸት ደግሞ አያድርም፣ የዚያኑ ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ስለዚህ እስከ ምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት እንቆማለን።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቅዳሴ ላይ ስቆም ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ እርፍ ይላል። ሰኞ ማታ ሚዛኑ ላይ ስቆም ግን ባዶ ነኝ። እንደ ማሽን ነው የምሠራው። ይሄ ነገር አራት ዓመት ቆይቶብኛል፣ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ትንሽ ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። ዘጠኝ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት ማዳበሪያ ነው ያመጡት። መዘንኩ፣ ጻፍኩ፣ ተገለበጠ። የኛ ጣቢያ ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ አንድ ኪሎ ይቀንሳል፣ “የማዳበሪያ” ይባላል። ስቀጠር “እንዲህ ነው” ተብዬ ነው የጀመርኩት። ገበሬውም ለምዶታል፣ አይጠይቅም። ልጁ ባዶውን ማዳበሪያ አጣጥፎ ብብቱ ስር ወሸቀና ቀና ብሎ አይቶኝ “ጋሼ፣ ይሄ አንድ ኪሎ ነው እንዴ?” አለኝ። ስኳር ሲላክ አንድ ኪሎ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃላ። አባቱ ተቆጣው። እኔ ሳቅኩ።

ሲሄዱ ግን አንድ ባዶ ማዳበሪያ አንስቼ ትንሿ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። መቶ ሃያ ግራም። የራሰውንም ለብቻው መዘንኩ። መቶ ሰባ። በአንድ ማታ መቶ ሃምሳ ማዳበሪያ ቢገባ ከመቶ ሃያ ኪሎ በላይ ቡና በነፃ ገባ ማለት ነው። ማንም አልሸጠውም፣ ማንም አልከፈለበትም። የጻፈው ደግሞ የኔ እጅ ነው። እሁድ ለመስቀል የሚዘረጋው እጅ።

ጥያቄዬ ስለ ኪሎው ብቻ አይደለም። ሰው ነቅቶ ከሚውለው ጊዜ ግማሹን የሚያጠፋው ሥራ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሰዓት ከእምነቴ ውጪ ከሆነ እግዚአብሔር የሚያገኘኝ እሁድ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው? ከዕለት ሥራችሁ ውስጥ ትርጉም ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ስብከት ይቅርብኝ፣ እናንተ ላይ የደረሰውን።

ደሞዝ_ብቻ | ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 4፡51

አንደኛ ነኝ። ወንድሜ፣ ሥራ ማለት ደሞዝ ነው። አለቀ።

መምህር ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ። “ሙያው ቅዱስ ነው” ሲሉኝ ኪሴን አጥብቄ እይዛለሁ። ይሄ ቃል ሁሌ የሚመጣው ቅዳሜ ያለ ክፍያ ሊያሠሩህ ሲፈልጉ ነው። ትርጉም ፍለጋ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው። የሰረቀው ባለቤቱ ሆኖ ሳለ ንስሐ የምትገባው አንተ፣ መኪና የሚገዛው እሱ። ተኛ ዝም ብለህ።

ዲያቆኑ_አይደለሁም | ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 5፡15

ስሜ እንደሚለው ዲያቆን አይደለሁም፣ ግን ዜማ ቤት ትንሽ ቆይቻለሁ።

ባለሚዛኑ፣ ጥያቄህ አዲስ እንዳይመስልህ። ነቢዩ አሞጽ ምዕራፍ ስምንት ላይ የሚወቅሳቸው ሰዎች እኮ ሰንበትን ያከብራሉ! ሱቃቸውን ይዘጋሉ። ግን ውስጣቸው “ሰንበት መቼ ያልፋልና መስፈሪያውን እናሳንስ፣ ሚዛኑን እናጣምም” ይላል። ቅዳሴ ላይ ቆመው ስለ ሰኞ ሚዛን የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። አንተ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነህ፣ ሚዛን ላይ ቆመህ ስለ ቅዳሴ ታስባለህ። የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

ኦሪት ዘዳግም ላይም “በከረጢትህ ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ” የሚል አለ። ከረጢት! ማዳበሪያ ማለት አይደል እንግዲህ። ልጁ የጠየቀህ ይሄንኑ ነው።

ሐጂ_ልብስ_ሰፊ | ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 12፡30

አሰላሙ አለይኩም ልጆቼ። ከሱብሒ መልስ ነው ያነበብኩት።

በኛም በኩል ነገሩ አንድ ነው። ቁርአን ውስጥ ሙጠፊፊን የሚባል ሙሉ ሱራ አለ፣ የሚጀምረው ለሚዛን አጉዳዮች ወዮላቸው ብሎ ነው። ለራሳቸው ሲሰፍሩ ይሞላሉ፣ ለሰው ሲሰፍሩ ያጎድላሉ። ነቢዩ ሹዐይብም ወደ መድየን ሰዎች ሲላኩ አላህን ተገዙ ካሉ በኋላ ወዲያው ያስከተሉት ስፍርና ሚዛን ሙሉ የሚለውን ነው። ሶላትና ሚዛን በአንድ አፍ ነው የመጡት። እኛ ነን የለያየናቸው።

አሁን የራሴን ልንገርህ፣ ስብከት አልፈልግም ብለሃልና። ሄርማታ ገበያ አጠገብ አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ። ወጣት ሳለሁ ለሱሪ የሚመጣልኝን ጨርቅ ትንሽ ትንሽ አስቀር ነበር። ሁሉም ሰፊ ያደርገዋል፣ “ቁራጭ” ነው የሚባለው። ከቁራጩ የልጅ ቁምጣ ይወጣል፣ እሱን እሸጣለሁ። አንድ ዓመት ለዒድ ለገዛ ልጄ ከዚያ ቁራጭ ሰፋሁለት። ለብሶት ሲሮጥ ደስ አለኝ። ኋላ ላይ ባለጨርቁ ሰውዬ ልጄን ጉንጩን ቆንጥጦ “ከኔ ሱሪ ጋር መንትያ ነን” ብሎ ሳቀ። አውቆ ነው ሳያውቅ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አምላኬ ግን ያን ቀን እዛው ጎዳና ላይ ያናገረኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ቁራጩን አጣጥፌ ከልብሱ ኪስ ውስጥ ከትቼ እመልሳለሁ። ሀብታም አልሆንኩም። ግን መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ቢስሚላህ ለማለት አላፍርም።

የአዌቱ_ዳር_ልጅ | ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3፡05

ሐጂ አላህ ይጠብቅዎት። “መኪናዬ” ሲሉ የስፌት መኪና መሆኑን ለማያውቅ ልጅ ሁሉ አስረዱልኝ ሃሃ።

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ትርጉም ምናምን አላውቅም፣ አንድ ነገር ብቻ ላውራ። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ሲኖትራክ ሲበላሽ ጎማው ስር ትልቅ ትልቅ ድንጋይ ያደርጋሉ። ጥሩ። ይጠግኑና ድንጋዩን እዛው አስፋልት መሀል ትተውት ይሄዳሉ። ማታ ጭጋግ ሲሆን አይታይም። ባጃጅ በሦስት እግር ነው የምትሄደው፣ አንድ ድንጋይ ይበቃታል።

ድሮ አልፌው ነበር የምሄደው፣ ቢበዛ እየተሳደብኩ። ኡስታዛችን አንድ ቀን ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ሰደቃ ነው የሚለውን ሐዲስ ሲያስተምር “እነማን ናችሁ መንገድ ላይ የምትውሉት?” ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም የባጃጅ ልጆች ነን የተቀመጥነው፣ ሳቅን። ግን ገባኝ። ሰደቃ ብር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ብር ደግሞ የለኝም። ድንጋይ ግን ሞልቷል! አሁን ቆሜ አነሳለሁ። ተሳፋሪ ይጨቃጨቃል፣ “ቶሎ በል እንጂ” ይላል። አንዳንዱ ወርዶ ያግዘኛል።

አንድ ነገር ልመን፣ አንዴ ሳነሳ ከስሩ ጊንጥ ወጥቶ ጮኬ ሮጫለሁ። ሰደቃውም ተረሳ።

ሌሊት_ተረኛ | ኅዳር 13፣ ከሌሊቱ 8፡40

ነርስ ነኝ። አሁንም ተረኛ ነኝ፣ ትንሽ ፀጥ ሲል ነው የምጽፈው።

ደሞዝ_ብቻ ያለውን ሁሉም ሰው ሊያርመው ይፈልጋል፣ እኔ ግን ግማሹን እስማማለሁ። “እናንተ መላእክት ናችሁ” የሚለን ሰው ጓንት አልቆ ስንጮህ የለም። መልአክ ጓንት አያስፈልገውማ።

ግማሹን ግን አልስማማም። ባለፈው ወር አስታማሚ የሌለው ሰው ተኝቶ ነበር። ከመንገድ ነው የመጣው። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ማጠብ፣ መገልበጥ፣ ማብላት ሁሉም እኛው ላይ ነው። ተራዬ ሲደርስ ፊቴን ቋጥሬ ገባሁ። አጠገቡ ካለው አልጋ እናቷን የምታስታምም አንዲት የሊሙ ሴት ቀድማኝ አጥሚት እያጠጣችው አገኘኋት። አማርኛ አትችልም፣ የኔ አፋን ኦሮሞ ደግሞ “አመመህ? ተነስ፣ ዋጥ” ከሚለው አያልፍም። በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፣ አንቺ በዛ ያዢ እኔ በዚህ እይዛለሁ። ለሁለት ገለበጥነው፣ አጠብነው። ጀርባው ሊቆስል ጀምሮ ነበር። ያን ለሊት የሆነ ነገር ክፍሉ ውስጥ ነበር። ምን እንደነበረ አትጠይቁኝ። በማግስቱ ጓንቱ እንደገና አለቀ፣ እኔም እንደገና ተቆጣሁ።

ዲያቆኑ_አይደለሁም | ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 2፡10

እህቴ ሌሊት ተረኛ፣ አባ እንጦንስን አስታወስሽኝ። የመነኮሳት ሁሉ አባት፣ በረሃ የኖሩ። በጽድቅ የሚተካከላቸው ሰው ከተማ ውስጥ እንዳለ ተገለጠላቸው ይባላል። ማን ነው ቢሉ ሐኪም ነው። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለችግረኛ ይሰጣል፣ ቀኑን ሙሉ ከመላእክት ጋር ያመሰግናል። ሐኪም እንጂ ሌላ መነኩሴ አይደለም።

ሐጂ፣ ለእርስዎም አለኝ። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር፣ ሐዋርያት ሥራ አሥራ ስምንት ላይ አለ። ሲሰብክም እጁ ከመርፌ አልተለየም።

ሐጂ_ልብስ_ሰፊ | ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልጄ፣ ደስ አሰኘኸኝ። ነቢዩ ዳውድም በእጃቸው ሠርተው ነበር የሚበሉት። የዕድራችንን ድንኳን የምጠግን እኔ ነኝ። በነገራችን ላይ ዕድራችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው። ድንኳኑ ለለቅሶ ሲተከል የማን ሃይማኖት እንደሆነ ሸራው አያውቅም። ዝናብ ካስገባ ግን የሚሰደበው ሐጂ ነው።

ቦሳ_ቂጦ22 | ኅዳር 14፣ ከቀኑ 7፡30

ርዕሱን ትንሽ ላጣምመው። ሥራ እሺ። የዜግነት ግዴታ የሚባለውስ?

ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌ ለጽዳት አስወጣን። አካፋና መጥረጊያ ይዘን አዌቱ ዳር ወረድን። ስም ይመዘገባል፣ ያልመጣ “አገልግሎት ሊፈልግ ሲመጣ እንተያያለን” ተብሏል። እሺ ወጣሁ። ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫት ገረባ፣ ምን የሌለ ነገር አለ። ሦስት ሰዓት አጎንብሰን አጸዳን። ፎቶ ተነሳን። ሰኞ ባለፍኩ ጊዜ አብሮኝ ሲያጸዳ የነበረ ሰውዬ ከድልድዩ ላይ ፌስታል ሲወረውር አየሁት። በዓይኔ በብረቱ!

በግድ የወጣሁበት ሥራ ከፈጣሪ ዘንድ ይቆጠራል? ከልቤ እጠይቃለሁ።

ደሞዝ_ብቻ | ኅዳር 14፣ ከቀኑ 8፡02

አይቆጠርም። ፎቶው ግን ተቆጥሯል።

የአዌቱ_ዳር_ልጅ | ኅዳር 14፣ ከቀኑ 9፡15

ሥራ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው ወንድም። ቀበሌ እግርህን ነው ያስወጣው፣ ልብህን አይደለም። ሁለቱ ተለያይተው መውጣት ይችላሉ። እኔ ያን ቀን የወጣሁት ስም ልመዘገብ ነው፣ አልዋሽም። ግማሹ ላይ አንዲት እናት ከታች ውሃ ሊቀዱ ጀሪካን ይዘው ሲመጡ አየሁ። በዚህ ውሃ! ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ፌስታል ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ለቀበሌ፣ የቀረው ለሳቸው።

ሐጂ_ልብስ_ሰፊ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡40

ቦሳ ቂጦ፣ ስለ ግድ ካነሳህ አንድ የማይነገር ነገር ልንገርህ። ዕድር ለቀብር ያልወጣን ይቀጣል፣ ስም ይጠራል። ሠላሳ ዓመት የስም መዝገቡን የያዝኩ ሰው ነኝና እመነኝ፣ ቅጣት ባይኖር ኖሮ በዝናብ ለማያውቀው ጎረቤት ቀብር የሚወጣው ስንት ነበር? ጥቂት። ግን ቅጣቱን ፈርቶ የወጣው ሰውዬ እዛ ደርሶ የሟችን ልጅ ሲያይ ያለቅሳል። የሚያለቅሰው ለቅጣቱ አይደለም። አባቶቻችን ይሄን አውቀው ነው መሰለኝ ቅጣቱን ያስገቡት። መጀመሪያ እግሩ ይምጣ፣ ሌላው እዛው ይደርሳል ብለው።

ሁሉም ላይ አይሠራም። ስም አስጠርቶ ከኋላ የሚሾልክም ሞልቷል፣ በስም አውቃቸዋለሁ።

እመት_ማኅተም | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 2፡25

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አዎ፣ “ነገ ተመለሱ” የምንለው እኛ ነን። ስደቡኝ ከዚያ ላውራ።

ጴንጤ ነኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ጸልዬ ነው ከቤት የምወጣው። ቢሮ ስደርስ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ “ማኅተም የያዘው ሰው የለም” ብያለሁ። ሻይ ልጠጣ ስለፈለግኩ ብቻ። አንድ ሽማግሌ ከደዶ ይመላለሱ ነበር። አንድ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ ማኅተም። ሁለቴ መለስኳቸው። ሦስተኛ ቀን ከምሳ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጠው ከፌስታል ውስጥ የበቆሎ ቂጣ እየበሉ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ተነሱ። ለኔ ተነሱ! የአባቴ እኩያ። ቂጣውን ከሁለት ቆርሰው “ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?” አሉኝ።

ተመልሼ ገባሁ፣ አራት ደቂቃ አልፈጀም። አራት ደቂቃ። ለሳቸው ሦስት ቀን እና የስድስት ጉዞ ትራንስፖርት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የወሰንኩት። ዛሬ ማለቅ የሚችለው ዛሬ ያልቃል። ማለቅ የማይችለውን ደግሞ ለምን እንደማያልቅና መቼ እንደሚያልቅ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፣ ያንን ጽሑፍ ይዘው መጥተው እንዲይዙኝ። ባልደረቦቼ “ምነው፣ ልትሾሚ ነው?” ይሉኛል። ጠዋት የምጸልየው አንድ ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ወርዷል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ግን ቢሮ ውስጥ የሚቀጥል ይመስለኛል።

ደሞዝ_ብቻ፣ ደሞዙ አይበቃም። አብረን እንጩህ። ግን ደሞዜ ስላነሰ ያ ሽማግሌ ይክፈሉ?

ደሞዝ_ብቻ | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3፡00

አይክፈሉ። እሺ፣ እዚህ ላይ ያዝሽኝ።

አንድ ነገር ልናገርና ዝም ልበል። ሥራ ማለት ደሞዝ ነው ብዬ የጻፍኩ ቀን የሰባኛውን ልጅ ደብተር እያረምኩ ነበር። ማንም አያየኝም፣ ዓይቼ ራይት ብቻ ብሰጥ ማንም አይጠይቀኝም። ግን አንዱ ልጅ ክፍልፋይ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ እና የት እንደሚስት ጠርዙ ላይ ጻፍኩለት። ለምን እንደማደርገው አላውቅም። ለእግዚአብሔር ነው አትበሉኝ ብቻ። ልጁ እንዲገባው ነው።

ዲያቆኑ_አይደለሁም | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3፡12

አልልህም። ግን እያሰብኩት ነው።

መልኮ_ጡረተኛ | ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 5፡20

ልጄ ልኮልኝ ነው ያነበብኩት። ከመልኮ የቡና ምርምር ነው ጡረታ የወጣሁት። ተመራማሪ እንዳይመስላችሁ፣ የመስክ ሠራተኛ ነበርኩ። ውሃ አጠጪ፣ ቆጣሪ፣ መዝጋቢ።

ባለሚዛኑ ቁጥር ስለሚጽፍ እጅ ስላነሳ ነው የመጣሁት። በፈረንጆቹ 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ሻጋታ ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁርና ይረግፋል፣ ገበሬው ቆሞ ያያል። ያኔ የተደረገው እንዲህ ነው፦ በበሽታው መሀል ሳይነካ የቆመ ዛፍ ካለ ይፈለግ ተባለ። ሰዎች ጫካ ለጫካ ዞሩ፣ ከቆመው ዛፍ ፍሬ ለቀሙ። ከዚያ ውስጥ ናቸው እነ 74110፣ 74112፣ 74158 የወጡት። 74ቱ የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። የዛፉን ቁጥር ሁሉም ገበሬ ያውቃል። ዛፉን ጫካ ውስጥ ያየውን፣ ቆም ብሎ ቅርንጫፉን ወደ ታች የሳበውን ሰው ስም ግን እኔ ራሴ አላውቅም።

እኔ ከዚያ በኋላ ነው የገባሁት። ሥራዬ ምን ነበር መሰላችሁ? ችግኙን ሆን ብለን በሽታውን እናስይዘዋለን፣ ከዚያ የሞተውንና የተረፈውን እቆጥራለሁ። ሰሃን ለሰሃን፣ ረድፍ ለረድፍ። አንድ ከሰዓት ራሴን አሞኝ ነበርና የቀሩትን ረድፎች በግምት ልሞላቸው እርሳሱን አነሳሁ። ማን ያውቃል? ሄዶ የሚቆጥር የለም። አልጻፍኩትም። እምነቴ አስቆመኝ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ፣ አለቃዬን ፈርቼ ነው። ፍርሃቱ ግን ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ጎማ ወረዳ በኩል ስሄድ የገበሬ ማሳ ውስጥ ፍሬ ያዘለ ዛፍ ሳይ “ይሄን በግምት ሞልቼው ቢሆንስ?” እላለሁ። የሞተውን ተርፏል ብዬ ጽፌ ቢሆን ይሄ ሰው ሦስት አራት ዓመት ጠብቆ የታመመ ዛፍ ነበር የሚያቅፈው።

ያ ልጅና አባቱ ካመጡት ማዳበሪያ ውስጥ ከነዚያ ዛፎች የተለቀመ ሊኖር ይችላል። ማና ነው ያልከው አይደል?

ሌሊት_ተረኛ | ኅዳር 17፣ ከቀኑ 6፡00

አባባ፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ የሌሊት የሙቀት መለኪያ ቻርት ላይ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አስቤ አፈርኩ። ሁሉንም ለክቼ አይደለም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ባለሚዛኑ | ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 3፡30

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የጡረተኛውን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ በሁለተኛው ቀን ሰልፉ ሲጀምር ባዶ ማዳበሪያ ሁሉም እያየ መዘንኩ። መቶ ሃያ ግራም። ለእያንዳንዱ ሁለት መቶ ግራም ብቻ ቀንሼ ጻፍኩ፣ ለእርጥበቱ ብዬ ትንሽ አስበልጬ። ገበሬው ወረቀቱን ይዞ አያየውም ብዬ ነበር፣ አንድ ሰውዬ ግን ተመልሶ መጥቶ “ተሳስተህ ጨምረህልኛል” አለኝ። ሊመልስልኝ ነው! አልተሳሳትኩም ስለው ዝም ብሎ ቆየና “በረካ ሁን” ብሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በማግስቱ አለቃ ጠራኝ። አልተቆጣም፣ እሱ ነው የከፋው። “ጎበዝ ሠራተኛ ነህ፣ ደክሞሃል” አለኝና አልጋ ላይ መደበኝ። ለማያውቅ፣ አልጋ ማለት ቡና የሚሰጣበት የሽቦ ርብራብ ነው። ቀኑን ሙሉ እያገላበጡ የተበላሸውን ፍሬ መልቀም ነው። ክፍያው ያንሳል፣ የማታውም ቀረ። ሚዛኑ ላይ ሌላ ልጅ ቆሟል። አንድ ኪሎ ይቀንሳል። ልጁን አልጠላውም፣ እኔ ከአራት ዓመት በፊት የነበርኩት ነው።

ስለዚህ ምን ሆነ? ለአንድ ማታ ብቻ ነው ሚዛኑ የተስተካከለው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስነግራት ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ሽሮውን አቀረበች። ደሞዝ_ብቻ ትክክል ነበር እያልኩ ነው የሰነበትኩት።

ግን አንድ ነገር። አልጋው ላይ አብረውኝ የሚለቅሙ ሴቶች አሉ፣ እያዜሙ ነው የሚሠሩት፣ የኦሮምኛ ነው ግማሹ አይገባኝም። ያ ባዶነት እዚህ የለም። ክፍያው አንሶ፣ ጀርባዬን አሞኝ፣ የለም። ምክንያቱን እንጃ።

ደሞዝ_ብቻ | ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 3፡44

ትክክል አልነበርኩም። ማለቴ፣ ስለ ገንዘቡ ትክክል ነበርኩ። አይዞህ። ለምጥ ገንዘብ ከጎደለ በግል ጻፍልኝ፣ ቀልድ አይደለም።

እመት_ማኅተም | ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሚዛን ላይ ቆሞ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም። የሚዛን ቁጥጥር የሚባል ሥራ መንግሥት አለበት፣ አቤቱታ ማቅረብ ደግሞ ያንተም የገበሬዎቹም መብት ነው። የኔ ቢሮ አይደለም ግን ሕንፃው አንድ ነው፣ ማን ጋ እንደሚገባ አሳይሃለሁ። “ይሰርቃሉ” ብለህ እንዳትጽፍ። ያየኸውን ብቻ ጻፍ፦ ባዶው ይሄን ያህል ይመዝናል፣ የሚቀነሰው ይሄን ያህል ነው። ከቻልክ የተቆረጡ ወረቀቶች ቅጂ ከገበሬዎቹ ውሰድ፣ ሁለት ሦስቱ ቢፈርሙ ደግሞ የበለጠ። ስምህ እንዳይወጣ የምትፈልግ ከሆነ ቀድመህ ንገረኝ፣ እነሱ ብቻቸውን ማቅረብ ይችላሉ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። “ነገ ተመለስ” ያለህ ካለ ወደ እኔ ና።

ሐጂ_ልብስ_ሰፊ | ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 4፡20

ሴትየዋ ያለችውን አድርግ። እኔም ከማና የሚመጡ ሁለት ደንበኞች አሉኝ፣ ቡና አምራቾች ናቸው። ይፈርማሉ፣ አናግራቸዋለሁ።

ባለሚዛኑ | ታኅሣሥ 7፣ ከጠዋቱ 1፡10

እሺ። ስሜ ቢወጣም ግድ የለም፣ አልጋ ላይ ከመመደብ በታች የት ይመድበኛል። ሁለት ማዳበሪያ እይዛለሁ፣ አንድ ደረቅ፣ አንድ የራሰ።

የአዌቱ_ዳር_ልጅ | ታኅሣሥ 7፣ ከጠዋቱ 1፡25

ኮቺ አይደለህ? ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ አደርስሃለሁ። ሂሳብ የለውም።

ባለሚዛኑ | ታኅሣሥ 7፣ ከጠዋቱ 1፡31

ሂሳቡንማ እከፍላለሁ። መልሱን እንዳትቆርጥብኝ ብቻ ሃሃ። መንገድ ላይ ድንጋይ ካለ ደግሞ አብረን እናነሳለን፣ ጊንጡን ግን አንተው ታየዋለህ።